ስለ ተራሽ ዳቦና ስለ ለተብርሃን

ለዘነበች፣ ለዘኔዬ፤

ከተለያየን አስራ አንድ ወር ከአራት ቀን ሆነን። እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ መልስ ከማይመጣበት ቦታ ሰው አይጠይቅም። እኔ አለሁ። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው፣ አፌም እንደምታውቂው ነው። በጽሕፈቴ አትሳቂብኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስቆጥር አጠገቤ ቁጭ ብለሽ "ይሄ ሀ ነው ወይስ የተገለበጠ በርጩማ?" ያልሽኝ ዛሬም ያናድደኛል። ማርታ "ንገረኝና እኔ ልጻፍልህ" ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። ለሚስቴ የምጽፈውን ልጄ አትጽፍልኝም። ደግሞ የምነግርሽ ነገር ለልጅ የሚነገር አይደለም። መንገሩ ስለከበደኝ ዙሬ ነው የምደርስበት፤ ታገሺኝ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው ማለት አልችልም። አሳንሰሩ ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖታል፣ አራተኛ ፎቅ በእግሬ ነው የምወጣው። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሽማግሌ ሆላንዳዊ ወደ አረጋውያን ቤት ገቡ። ማርታ እኔንም እዚያ ልታስገባኝ ትፈልጋለች። ከአምስተርዳም በመጣች ቁጥር ወረቀት ይዛ ትመጣለች። "ፓፓ፣ አንተ እኮ ብቻህን ነህ" ትላለች። አንተ እያለች ነው፤ እርስዎ በይ ብለን ያስተማርናት ሁሉ ሆቴል ቤት ሥራ ስትገባ ጠፋ። የማዕድ ቤቱን ቅመም ብልቃጦች አንድ በአንድ እያሸተትኩ ስም ለጠፍኩባቸው። አንቺ በጠረናቸው ነበር የምታውቂያቸው፣ እኔ ሚጥሚጣውን አሽትቼ ግማሽ ቀን አለቀስኩ። ማርታ ስላንቺ ያለቀስኩ መስሏት አቀፈችኝ። ይምሰላት አልኩ።

አሁን ወደ ዳቦው ልምጣ።

ኅዳር ላይ ወይዘሮ አስካለ ከሁለት ሴቶች ጋር መጣች። የማርያም ማኅበር ሰብሳቢ ከሆነች ወዲህ ስትራመድ እንኳ ወለሉ ያውቃታል። "ጋሽ ይርጋ፣ የዘነበች ተራ ጥር ላይ ነው። እርስዎ ወንድ ነዎት፣ ብቻዎን ነዎት፤ ስሟን እናንሳና ሌላ ሰው እንተካ፣ የሚጠብቁ አሉ" አለችኝ። ስምሽ ከመቃብሩ ድንጋይ ሌላ ተጽፎ የቀረው እዚያ የማኅበሩ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ያንን ሊሰርዙት።

"አይነሳም" አልኩ።

"ታዲያ ዳቦውን ማን ይጋግራል? ባለተራው በቤቱ ያልጋገረው ዳቦ ማኅበር ላይ አይቆረስም። ይሄን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት።"

"እኔ እጋግራለሁ።"

ሴቶቹ ተያዩ። አንደኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ሳቀች። አስካለ ግን አልሳቀችም፤ "ዳቦ ከጠፋ ስሟ ይነሳል፣ በዚህ እንስማማ" አለች። ተስማማሁ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ለዚህ ያበቃሽኝ አንቺ ነሽ። ስንት ዓመት ሙሉ ስልኩ በትከሻሽና በጆሮሽ መሃል ተወትፎ፣ እጅሽ በሊጥ ተለውሶ፣ ገመዱ በወንበሩ እግር ተጠምጥሞ ለከተማው ሴት ሁሉ ስትመክሪ ትውያለሽ። "ሽንኩርቱን ደረቁን አቁላዪው፣ የዚህ አገር ሽንኩርት ውሃ ነው።" "ሽሮሽ ከጓጎለ እሳቱን አታጥፊ፣ አውርጂውና ምቺው።" እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ "የአገር ሚኒስትሮች እንኳ እንዲህ አይመካከሩም" እልሽ ነበር። አንቺም የስልኩን አፍ በእጅሽ ሸፍነሽ "ሚኒስትሮቹ ቢመካከሩ ኖሮ እዚህ እንሆን ነበር?" ትይኛለሽ። በኋላ ሲደክምሽ፣ ወንበር ማዕድ ቤቱ በር ላይ አስወጥተሽ "ና ላሳይህ፣ አንድ ቀን ይጠቅምሃል" አልሽኝ። እኔ የአሰብ መንገድ ሾፌር፣ ሃያ ሁለት ጎማ የነዳሁ ሰው፣ ሊጥ ላቦካ? ጋዜጣ አነሳሁ። የሆላንድ ጋዜጣ፣ አንድ ፊደል የማላውቅበት።

እናም ለአስካለ ደወልኩ። ለመጠየቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። "በኮባ ቅጠል ምትክ ጥቅል ጎመን ነው የምታነጥፈው፣ ከላይም በሱው ትሸፍነዋለህ" አለችኝ። እርስዎ ማለቷን ተወችው፣ ጠያቂ ስለሆንኩ ነው። ገበያ ወጣሁ። ጎመኑ ክምር ነው። አንዱ ገርጣ ያለ፣ አንዱ የተኮማተረ፣ አንዱ ግን ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ ድንጋይ የሚያክል። ለማርያም የሚሆነውስ ይሄ ነው ብዬ ሁለት ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ዘኔ፣ ዳቦው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ሰማያዊ! ከሥሩ እንደ ቀለም እስክሪብቶ፣ ከጎኑ እንደ ተመታ ዓይን። ማርታ አይታው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ "እማዬ ይሄን ብታይ" አለችና ሳቋ መሃል ላይ ተቆርጦ ቀረ። ለወፎች በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። እነሱም አልነኩትም።

ሁለተኛውን በነጩ ጎመን ጋገርኩ። ከላይ ከሰል፣ ከውስጥ ሊጥ። ለአስካለ ስነግራት "እሳቱን ቀንስና ሁለት ሰዓት ተወው" አለችኝ፤ ሦስተኛው እንደ ጡብ ደረቀ። ለጥሩነሽ ደወልኩ። "እሳቱን ከፍ አድርገው ጋሼ፣ በፎይል ይሸፍኑት" አለችኝ። ሌላዋ "ቀድሞ ይሙቅ"፣ ሌላዋ "በቀዝቃዛው ያስገቡት"። ሁሉም "ዘነበች ናት የነገረችኝ" ይላሉ። አንዷም ከሌላዋ አይገጥምም። በመጨረሻ ተናድጄ "ምን ዓይነት ሚስት ነበረችኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ የተለያየ የምትነግር?" ብዬ ጥሩነሽ ላይ ጮህኩባት።

"ጋሼ፣ የኔ ኦቨን በጋዝ ነው፣ የእትዬ አስካለ በኤሌክትሪክ" አለች። "እሷ መጀመሪያ ስለ ኦቨኑ ጠይቃ ነው የምትመክረው። ከየት በኩል ያቃጥላል? በሩ ይገጥማል? ትላለች።"

"ለኛ ኦቨንስ ምን ትል ነበር?"

ቀስ ብላ "የእናንተን የምታውቀው ለተብርሃን ናት፤ ዳቦውን እዚያው ነበር አብረው የሚጋግሩት፣ እርስዎ ሥራ ሲሄዱ። የጎመኑንም ነገር ለዘነበች ያሳየቻት እሷ ናት" አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። ሰላምታም አልሰጠሁ።

በሰው ፊት "የኔ ሚስት ዳቦ" እያልኩ የኮራሁበት ከለተብርሃን እጅ የመጣ ነው። ያቺ ጓደኛሽ ለተብርሃን፣ አገር ለሁለት የተከፈለ ጊዜ፣ አንቺን ልትጠይቅ ሕምባሻ ይዛ ከዴን ሃግ ስትመጣ፣ "ያመጣሽውን ይዘሽ ወደ አዲሱ አገርሽ" ያልኳት። ሕምባሻው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ጨርቁን እንኳ አልፈታችውም፣ እንዳቀፈችው ደረጃውን ወረደች። አንቺ በዚያ ቀን አልተቆጣሽኝም። አሁን ገባኝ፣ ለምን እንዳልተቆጣሽ። ከዚያ ቀን በኋላም እኔ ወደብ መጋዘን ስጠርግ፣ በጠራሻት ቁጥር በሬን ትከፍት ነበር። ደብቀሽኛል ዘኔ። ምን ታድርጊ፣ እኔን የመሰለ ሰው ይዘሽ።

ተራሽ አራት ቀን ሲቀረው ደወልኩላት። ስሜን ነገርኳት። ስለ ዳቦው ነገርኳት፣ ስምሽ ሊሰረዝ እንደሆነ ነገርኳት። "ዋዜማውን እመጣለሁ" አለች።

መጣች። ደረጃውን ሁሉ ወጥታ ደረቷ እየተነፋ በሬ ላይ ቆመች። ጎመኑን ራሷ ይዛ ነበር፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለውን፣ ቅጠሉ ቀጭኑን። ድሮ "አንተ ይርጋ፣ አንተ ግትር" የምትለኝ ሴት "እንደምን ዋሉ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ። ከስድብ በለጠብኝ። ካፖርቷን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ "ይሁን፣ አልቆይም" አለች። በካፖርቷ ነው የሠራችው፣ እጅጌዋን ሰብስባ። ሠራች ማለቴ፣ እኔን አሠራችኝ። ሊጡን አልነካችም። "የባለተራው እጅ ነው መሆን ያለበት። ይታጠቡና ይምጡ" አለችኝ።

ቅጠሉን አንድ በአንድ የፈላ ውሃ ውስጥ እንዳጠልቅ፣ ወፍራሙን ጅማት በቢላዋ እንድልጥ፣ ትሪው ላይ እንደ ቤት ክዳን አንዱን በአንዱ ላይ እንዳነጥፍ አሳየችኝ። የኛ ኦቨን ከኋላ በግራ በኩል ነው የሚያቃጥለው፤ ይህንን አስራ አምስት ዓመት እንደሠራበት ሰው ታውቃለች። ታች ውሃ በሳህን አስቀመጠች። ግማሽ ሲደርስ በሌላ ትሪ ከድኜ እንድገለብጠው፣ ሲገለበጥም ፊቱን ወደ ቀኝ እንዳዞረው ነገረችኝ። ሊጡን ስደቁስ "አይቆጡት፣ ሊጥ ቁጣ አይወድም፤ ዘነበች እንኳ ተቆጥታ አታቦካም" አለች። የአንቺን ስም ከአፏ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ዳቦው ገብቶ ስንጠብቅ መስኮቱን እያየች ነበር። ከዚያ ፊቷን ሳትመልስ "በመጨረሻ ዘነበች አንስታኝ ታውቃለች?" አለችኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። መዋሸት የለመደ አፍ ነው ያለኝ። ነገር ግን እጄ ላይ ሊጥሽ ደርቆ ነበር፣ አልቻልኩም። እውነቱን ነገርኳት። ሆስፒታል ስትተኚ "ለተብርሃንን ጥራልኝ" እንዳልሽኝ፣ "ሲሻልሽ" እንዳልኩሽ። በማግስቱ ደግመሽ ጠየቅሽኝ፣ "ሲሻልሽ" አልኩሽ። በሦስተኛው ቀን "ደውዬላት ነበር፣ አልመጣም አለች" አልኩሽ።

ለተብርሃን አልጮኸችም። እንድትጮህ ፈልጌ ነበር። "መታመሟን ከጥሩነሽ ሰምቼ ስልኩ አጠገብ ነበር የምውለው" አለች። "ከቤት የተባረረ ሰው ሳይጠሩት አይሄድም። አልጠራችኝም፣ ተቀይማኛለች ብዬ ነው ይሄን ሁሉ ወር የኖርኩት።" ከዚያ ኦቨኑን ከፈተች፣ ዳቦውን በጨርቅ አንስታ ከሥሩ በጣቷ አንኳኳችው፣ አዳመጠችው። "በስሏል። ጨርቅ ያልብሱት፣ በትኩሱ እንዳይነኩት" አለችኝ። ደረጃው ላይ ተከትያት ወርጄ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት።

"ለኔ አይደለም፣ ለሷ ይንገሯት።"

"ሞታለች እኮ።"

"ሲዋሿት ግን ሰምታለች" አለችኝ። ወደ ትራሙ ሄደች። ማኅበሩ ላይ እንድትቆይ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

በማግስቱ ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ የቅጠሉ ሥር መስመር ገላው ላይ የታተመ። አስካለ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች፤ "የዘነበች እጅ ነው" አለች። ስምሽ ደብተሩ ላይ ቆይቷል፣ ማንም አይነካውም። እኔም ተነስቼ "ያስተማረችኝ ለተብርሃን ናት" አልኩ። ይህን ያህል ብቻ ወጣኝ። ሌላውን ለሴቶቹ አልነገርኳቸውም። እንኳን ደስ አለህ ሲሉኝ፣ ሲመርቁኝ፣ "ወንድ ማለት እንዲህ ነው" ሲሉኝ ቁራሹን ሳልቀምስ አስቀመጥኩት። ሁሉም በሉት፤ እኔ ግን ጣዕሙን አላውቀውም።

እንግዲህ እንደታዘዝኩት እነግርሻለሁ። ዘኔ፣ ለተብርሃን አልመጣም አላለችም። አልደወልኩላትም። ቁጥሯ በአንቺ ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ነበር፣ ሳንቲምም በኪሴ ነበረኝ። ቆሜ አየሁትና ተመለስኩ። ካንቺ መሞት ይልቅ እሷን "ነይ" ማለት ነበር የከበደኝ። ያ ቀን ካለፈ በኋላ ውሃ እንኳ ስጠኝ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ እኔም ደህና ሆነች ብዬ ለማርታ ነገርኳት። ጓደኛዬ ተወችኝ ብለሽ ነው የሄድሽው። አልተወችሽም። የለየኋችሁ እኔ ነኝ።

ይቅር በይኝ ብዬ አላደክምሽም። የማይመልስን ሰው ይቅርታ መለመን፣ እሱም ለራስ ማባበያ ነው። ብቻ "ጥራልኝ" ያልሽኝን አልረሳም። ሌላውን ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው፣ የቀሚስሽን ቀለም እንኳ ከማርታ ጋር ተከራክሬ ተሸንፌያለሁ፤ ይሄኛውን ግን አልረሳም። ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ስልክ አልደውልም። ባቡር ተሳፍሬ ዴን ሃግ እሄዳለሁ፣ በሯን አንኳኳለሁ፣ ካልከፈተች ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። የከፈተች ጊዜ ስለ ራሴ አንድ ቃል አልናገርም። "ዘነበች ትጠራሻለች" እላታለሁ።

ይርጋ