ለዮሚፍ የሰጠኋት የእንጨት ላዳህ

አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሃፍቶም፣

ከሁሉ አስቀድመህ ይህን እወቅ፤ የእንጨት ላዳህ እኔ ዘንድ የለችም። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ደውለህ ስትጠይቀኝ «አለች፣ አታስብ» ያልኩህ ውሸት ነው። ስትደውል ለሌላ ሰው ከሰጠኋት ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። የሰጠሁት ለዮሚፍ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ሳለህ አብሮህ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጥ ለነበረው።

አሁን ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳህ።

ደንቤን ታስታውሰዋለህ። ክፍል ውስጥ አሻንጉሊት ይዞ የተገኘ ተማሪ ያስረክባል፤ እኔም ስሙን፣ ክፍሉንና ቀኑን በወረቀት ጽፌ በክር አስርበታለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ወላጁን ይዞ የመጣ ይወስዳል። ወላጅ ማምጣቱን ስለምትፈሩ ግን አብዛኞቻችሁ አትመጡም ነበር። በዚህ ዓይነት በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሃምሳ ሰባት አሻንጉሊት በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን ተጠራቀመ። የሽቦ መኪና፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ የጭቃ በሬ፣ እሽክርክሪት።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ለማንም ያልነገርኩት ነገር፣ ወደድኳቸው። ጎማቸውን ዘይት መቀባት፣ የተገነጠለ እጃቸውን መስፋት ጀመርኩ። ከዚያም ኦሎምፒያ አስፋልት ዳር ከሚነጥፉት ነጋዴዎች ደስ የሚል ነገር ሳይ መግዛትም ለመድኩ። ባለቤቴ ቡዜ «ሰው በስተርጅና ጸሎት ያበዛል፣ አንተ አሻንጉሊት ታበዛለህ» ትለኛለች።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ የካዛንቺሱ ሰፈራችን ሲነሣ ከልጃችን ከማዕረግ ጋር ለመኖር ወደዚህ መጣን። መኝታ ቤቱ ሁለት፣ ሰዉ አምስት ነው። ማዕረግ ሳጥኑን ሁለት ሳምንት ታገሠችው።

«አባዬ፣ ማለቴ፣ ውደደው፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ግን በቃ የት ይቀመጥ? እኔ ልውጣና እሱ ይግባ?»

እውነቷን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን አሻንጉሊት ለባለቤቱ ልመልስ ወሰንኩ። አንዱን ተማሪ በአንዱ እያፈላለግሁ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት። መጋቢት ላይ ተራው የላዳዋ ሆነ። ወረቀቷ ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ «ዮሚፍ፣ 5ኛ ለ፣ ኅዳር 1991» ይላል። ዮሚፍ መስቀል ፍላወር ትንሽ ካፌ እንዳለው ሰማሁና ወሰድኩለት። ወረቀቱን አገላብጦ አየው፤ ሳቀ፤ «ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ጠበቁልኝ?» አለና ከኋላው መደርደሪያ ላይ አቆማት። ማኪያቶ ጋበዘኝ። ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ከዚያ አንተ ደወልክ። «ወረቀቷ ላይ ዮሚፍ ይል ይሆናል፣ ግን የኔ ናት» አልከኝ። ሰማያዊና ነጭ፣ አራቱም በሮቿ የሚከፈቱ፣ አባትህ የሠራት። ጋሽ ሓዱሽ በጥር ማረፉን፣ የአናጺ ሱቁም ቤታችሁም ከሰፈሩ ጋር መነሣታቸውን፣ ከእጁ ሥራ የቀረችህ እሷ ብቻ መሆኗን ነገርከኝ። በሮቿ እንደሚከፈቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ማጠፊያ ከአናጺ ቤት በቀር ከየት ይመጣል? የዮሚፍ አባት ሾፌር ነበር። አስቤው ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር። አፌ ግን «አለች» አለ።

ሃፍቶም፣ ላዳዋን የወሰድኩባችሁ ዕለት ለምን እንደተሳሳትኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መልመጃ ሰጥቻችሁ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጫለሁ። የትምህርት ዕቅድ ደብተሬን ከፍ አድርጌ ይዣለሁ፤ ውስጡ ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ አለ። አንድ መምህር ለአንድ ቀን አውሶኝ፣ ማታውን ጀምሬው፣ ሠላሳ ገጽ ያህል ቀርቶኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ መመለስ አለብኝ። የቆርኪ ጎማ ዴስክ ላይ ሲንከባለል ሰማሁ። ሰምቼ ቀና አላልኩም፤ የያዝኩትን አንቀጽ ጨረስኩ። ቀና ስል ላዳዋ በሁለታችሁ መካከል ቆማለች፣ የሁለታችሁም እጅ ዴስኩ ሥር ነው። «ዮሚፍ፣ አምጣ» አልኩ። የእሱ ስም ሁልጊዜ አፌ ላይ ነበር። ከዚያ ሦስት ቀን ሰልፍ ፊት አንበረከክሁት።

በቅጣት ጊዜ ማየትን ከምንም በላይ አስቀድም ነበር። ሌሎች መምህራንን «ያላያችሁትን አትቅጡ» እያልኩ እገሥጽ ነበር። በዚያች ቀን ግን እኔ ራሴ አላየሁም።

ከስልክህ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ጠዋት ጠዋት ቡዜ የጻፈችልኝን ዝርዝር ይዤ እወጣለሁ። የደም ግፊቷ መድኃኒት፣ የመብራት ካርድ ማስሞላት፣ ደምበል ጀርባ ለጥገና የተሰጠ ጫማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣት። በዝርዝሩ ግርጌ እኔ በእጄ «መስቀል ፍላወር» ብዬ እጨምራለሁ። ሲመሽ ሌላው ሁሉ ተሰርዞ እሷ ትቀራለች። በማግስቱ ወደ አዲሱ ወረቀት አሸጋግራታለሁ። አንድ ቀን እስከ ካፌው በር ደረስኩ። በመስታወቱ አሻግሬ ላዳዋን አየኋት፣ ዮሚፍ ሳያየኝ ተመለስኩ። ልብ ወለድ ብይዝም አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤ ማን ምን እንዳለ አይገባኝም። ወረፋ ላይ ቆሜ ተራዬን ለኋለኛው እለቃለሁ።

ቡዜ የነቃችው በጨው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሦስተኛው ኪሎ ጨው ነው ይሄ። ከብት ልታረባብኝ አስበህ ከሆነ አስቀድመህ ንገረኝ።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ጨዉን ዕቃ ውስጥ እየገለበጠች ሰማችኝ።

«ለሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ወላጅ አምጣ ትላለህ» አለችኝ። «አንተን ማን ያምጣህ? እኔ ላምጣህ?»

ብቻዬን እሄዳለሁ አልኳት። ማክሰኞ ዕለት ዝርዝሩን ገልብጬ መስቀል ፍላወርን ከላይ ጻፍኩና ሄድኩ።

ዮሚፍ ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ። «ማኪያቶ፣ ቲቸር?»

«ዛሬ ምንም አልጠጣም። የመጣሁት ስለ ጥፋት ነው።»

«የኔ ነው የእርስዎ?»

«የኔ።»

ብርጭቆ እየወለወለ አዳመጠኝ። ስለ ልብ ወለዱ ስነግረው ፈገግ አለ።

«ማንበብዎንማ ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር። ያ ደብተር ከፍ ካለ በቃ፣ ዕረፍት ተደወለ ማለት ነው። በሌላ ጊዜማ እርስዎ ፊት መኪና የሚያወጣ ጀግና ከየት ይገኛል?»

ፊቴ ጋለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የደበቅሁት መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ያንተ አለመሆኗን ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ያኔም፣ አሁንም።»

«ያኔ ሃፍቶም ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አንደኛው ቀን። ሁለተኛው ቀን። ጉልበቴ ሲላጥ እያየኝ በሰልፍ ያልፋል። አራተኛው ቀን ላይ ዴስክ ቀየርኩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ግቢ ተምረን ሰላም ተባብለን አናውቅም።» ብርጭቆውን ወደ መብራት አድርጎ አየው። «አሁን ሲያመጧትማ፣ ሦስት ቀን ተንበርክኬባታለሁ፣ እኔስ ድርሻ የለኝም ብዬ ነው።»

የሳቀው በአፉ ብቻ ነበር።

አባትህ ማረፉን ነገርኩት። እጁ ቆመ።

«ጋሽ ሓዱሽ?»

«በጥር።»

«ማንም አልነገረኝም።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የት እንደሄዱ እንኳ አላውቅም። እዚያ ሱቅ ሰጋቱራ ላይ እየተንከባለልን ነው ያደግነው፣ ቲቸር። ምሳዬን የምበላው እነሱ ጋ ነበር። ሚስማር ያስቆጥረን ነበር፣ እንዳንበጠብጥ።»

ከዚያ ዞሮ ላዳዋን ከመደርደሪያው አወረደ። ሁለት እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ጠረጴዛው ላይ፣ በመካከላችን አስቀመጣት።

«ለእርስዎ አልሰጥም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለቅሶ አልደረስኩትም። ላዳዋ በእርስዎ እጅ ከሄደች እኔ መቼ ልድረሰው? እሱ ይምጣና ከእጄ ይውሰዳት።»

«እሱ ሐዋሳ ነው ያለው።»

«ሐዋሳ ቅርብ ነው። እኔ ነኝ የምርቀው፤ ሰኔ አሥር የዚህን ቤት ቁልፍ አስረክቤ ጅማ እገባለሁ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ያገኛል?»

አልተከራከርኩትም። ሃፍቶም፣ ያኔ ለምን ዝም እንዳልክ በስልክ ነግረኸኛል፤ ላዳዋን ከሱቅ ያወጣሃት አባትህ ከልክሎህ ሳለ ነው፤ ወላጅ አምጣ እንዳልልህ ፈራህ። ይህን ለዮሚፍ አልነገርኩትም። በአፌ ጫፍ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት። የራሴን ጥፋት መናገር የኔ ነው፤ ያንተን ከአንተ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ዐሥራ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ አባቱን ፈራ ቢባል የማይገባው ሰው አይደለም። እሱም የእኔን ፊት ይፈራ ነበር።

ለአንተም ለእሱም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያለ ጥፋቱ ያንበረከክሁት እሱን ነው፤ ጓደኛህን ያሳጣሁህ ግን አንተን ነው። ይህን ያደረግሁት ለሠላሳ ገጽ ነው። የልብ ወለዱን መጨረሻ ዛሬ ብትጠይቀኝ አላስታውሰውም።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ሰኔ 7 ቅዳሜ ነው፤ ዮሚፍ ከመሄዱ በፊት ያለው የመጨረሻ ቅዳሜ። በማለዳው አውቶቡስ ብትነሣ ከሰዓት በፊት ትደርሳለህ። ኦሎምፒያ መጋጠሚያው ላይ እቀበልሃለሁ፤ የቀኑን ዝርዝር ማዕረግ ተረክባኛለች። ከዚያ በእግር አደርስሃለሁ። ከፈለግህ አብሬህ ገብቼ ያጠፋሁትን በሁለታችሁ ፊት እናገራለሁ። ብቻህን መግባት ከመረጥክም ውጭ እቆያለሁ። ምሳ ቡዜ ታዘጋጃለች፤ ዮሚፍንም ይዘኸው ብትመጣ ወንበር አይጠፋም።

እንደ አባትህ ሞት ያለ ኀዘን ላይ ይህን ሁሉ መጨመሬ ከብዶኛል። መምጣት ካቃተህ እኔው እንድለምነው ወይም ሌላ እንዲደረግ የምትፈልገው ካለ ንገረኝ፤ እንደምትለኝ አደርጋለሁ። ለዮሚፍ ግን አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ማድረስ አለብኝ፤ ዛሬም ደውሎ «ምን አለ?» ብሎኛል። ገና አልጻፍኩለትም ለማለት አፈርኩ።

ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ደብዳቤዬ በደረሰህ ዕለት ደውልልኝ፤ ባይሆን እስከ ሰኔ 3 ሁለት መስመር ጻፍልኝ። እባክህ፣ ሃፍቶም፣ አታዘግየው።

መምህርህ የነበርኩት
ጉተማ ዋቅጋሪ