የተገለበጡት ታፔላዎች

ሁሌም ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፣ አባባ ደህና ናቸው፣ የስፌት መኪናዬም ደህና ናት። ደህና ያልሆነው ማዘጋጃ ቤታችን ብቻ ነው። በጀቱ ጎድሎበታል አሉ፤ ጉድለቱን እንድንሞላ የተመረጥነው ደግሞ እኛ ነን።

ከንቲባው በሬዲዮ ቀርቦ ግብር አንጨምርም ብሎ ሲምል ሰፈሩ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ለካ ግብር ያልጨመረው የአገልግሎት ክፍያ የሚል ስም አውጥቶለት ነው። መኪናው መጥቶ ለማያነሳው ቆሻሻ ክፍያ፤ ለማይበራው የመንገድ መብራት ክፍያ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። አቤት ልበል ብዬ ብሄድ፣ ለአቤቱታም ክፍያ ወጥቶለታል አሉኝ። ቆሽቴ አርሮ ተመለስኩ።

በላዩ ላይ የታፔላ ክፍያ መጣ። ከመንገድ የሚታይ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ስፋቱ ይከፈልበታል ተባለ። የመንገዳችንን ታፔላ ማን እንደሠራው ታውቃለህ፤ ከጥግ እስከ ጥግ የአባባ እጅ ነው። ፀጉር አስተካካዩ መላ አመጣ። የሚታይ ካሉ እንዳይታይ እናድርገው አለና፣ የራሱን ገልብጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሰቀለው። በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ እኔም ሳልቀር ተከተልነው። ደንበኛ እንደሆነ ያውቀናል፣ ምን ቸገረን?

የቸገሩን አባባ ናቸው። ተቆጣጣሪው መጥቶ ግራ ሲገባው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ይሄ ሁሉ ባዶ ጣውላ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቃቸው ቱግ አሉ። ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ ባዶ ይባላል? ብለው ብድግ። ከዘራቸውን ይዘው ከሱቅ ሱቅ እየመሩ፣ ይሄ የፀጉር አስተካካዩ ነው፣ መቀሱን ያለ ማስመሪያ ነው የሳልኩት፤ ይሄ የዳቦ ቤቱ ነው፣ እስቲ እንፋሎቱን እየው እያሉ አንድ በአንድ አስገለበጡት። ሰውዬውም እያደነቀ የእያንዳንዱን ስፋት ለካ። ሲጨርስ ለሁላችንም የክፍያ ወረቀት ከነቅጣቱ ሰጠን።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጋሼ። ሰፈሩ አኮረፋቸው። ዳቦ ጋጋሪው ሰላምታ ነሳቸው፤ ፀጉር አስተካካዩ ባዶ ወንበሩን ተደግፎ ቆሞ ዛሬ ቦታ የለም ብሎ መለሳቸው። እኔም ተናድጄባቸው ነበር። ጢማቸው አድጎ፣ ምግብ እምቢ ብለው ሲውሉ ሳይ ግን አንጀቴን በሉት።

ባለፈው ሳምንት ያንተን የድሮ አልጋ አፈረሱ፤ አትቆጣ። በጣውላው ላይ፣ ጎረቤቶቼ ሆይ፣ ምላሴ አሳስቶኛልና ይቅር በሉኝ ብለው ጻፉና ደጃችን ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አድርገው ሰቀሉት። ቀድሞ ያነበበው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ተቆጣጣሪው! ሜትሩን አውጥቶ ለካና፣ ይቅርታም ቢሆን ከመንገድ ከታየ ይከፈልበታል አለ። ደሜ ፈላ፤ ጩኸቴ ሰፈሩን አናወጠው።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጣ። ታፔላውን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያ ከሱቅ ሱቅ ዞሮ ገንዘብ አሰባስቦ ለተቆጣጣሪው ከፈለና፣ ይሄኛው አይገለበጥም አለ። አባባን በእጃቸው ይዞ ወስዶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

ለባለቤትህ ናፍቆቴን አድርስልኝ። ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ፤ የላከችው ሥዕል ከመኪናዬ በላይ ተሰቅሏል፣ ከመንገድ ስለማይታይ አትስጋ። ለትንሹ ደግሞ አያትህ ጢማቸውን ተላጭተዋል በልልኝ። ይህን ለመናገር እስካሁን ክፍያ አልወጣለትም።

እህትህ

ከአባባ ቤት፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ