አንድ ባጅ ለሁለት ደረት

ለአሮጌው የኑክሌር ምርምር ሪአክተር ማፍረስ ሥራ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ ከባለቤቴ ከኢያሱ ሳል በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ስሜ ብዙነሽ ነው፤ ዉድበሪ ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፤ ኢያሱ ደግሞ ከሴንት ፖል ከተማ ወጣ ብሎ እርስዎ በሚያስፈርሱት ሪአክተር ውስጥ ኮንክሪት ይሰብራል። በግል የጻፍኩልዎ ሁሉ መልስ ስላጣ፣ ምናልባት በሰው ፊት ሲያነቡት ይጥምዎ እንደሆነ ብዬ ነው እዚህ በአደባባይ መጻፌ።

አንደኛ፣ ተቋራጭ በተቋራጭ ስለሚለዋውጡ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የሄደው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፤ የመጣው ሰበቡን ይዞ ይመጣል። እስካሁን ከቦታው ያልተነሣው ሕንፃው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ አዲሱ ተቋራጭ ሲገባ፣ ደረት ላይ ተደርጎ ጨረር የሚለካው ባጅ ለሁሉም አልበቃም። አለቃቸው፣ ሌላ ባጅ እስኪመጣ ድረስ ተቻቻሉ አሉ። ለእኛ ሰው ተቻቻሉ አይባልም፤ ኢያሱና ጓደኛው ሙሊሳ በሙሊሳ ስም የተመዘገበውን አንዱን ባጅ፣ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን እንደሚበሉት፣ ጠዋትና ከሰዓት እየተቀባበሉ አደረጉት። ባጅ ከሌለኝ አልገባም ማለት ይቻል ነበር፤ ባለቤቴን ይሉኝታ ያዘው። ይህ የራሳችን ሞኝነት ስለሆነ እርስዎን አልወቅስም፤ እሱን ግን ወቅሼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ በሪፖርትዎ ለጨረር የተጋለጡ ሠራተኞች ቁጥር በግማሽ ቀነሰ ተብሎ ሲጨበጨብልዎ አየሁ። ሰውን ከጨረር ለማዳን መለኪያውን መንሳት ይበቃል ብሎ ያሰበ ከእርስዎ በፊት ማን ነበር?

አራተኛ፣ ለሳሉ የሄድንበት ሐኪም፣ ኢያሱ ምን ያህል ጨረር እንደወሰደ ጠየቀን። ቢሮዎ በትሕትና መለሰልን፤ በዚህ ስም የተጋለጠ ሰው የለም። ሰውየው ግን አለ። ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነው የማድረው፤ ፈርቻለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንን ባጅ ሁለት ሰዎች እንዳደረጉት በፊርማዎ ያረጋግጡልን፤ ሐኪሙም ከዚያ ይጀምር። ያስቀየምኩዎ ቃል ካለ፣ እንደ ልማድዎ እንዳላዩ ሆነው ይለፉልኝ።

ለሥራዎ መቃናት ዘወትር የምትጸልይ፣
በመዝገብዎ የሌለው ሠራተኛ ሚስት፣
አክባሪዎ ብዙነሽ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ለጉብኝት መጥተው ከመኪናዎ ሳይወርዱ ሲመለሱ፣ ለብቻዎ የተሰጠዎ ባጅ ውጤት በማግስቱ ደርሶ ዜሮ መሆኑን ሰማን። እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ።