አባባ የበላው ዱለት

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥቅምት 19 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

ሰላምታዬ የገረሴን ዳገት ወጥቶ ደጅሽ ድረስ ይግባ። እንደምን አለሽ? ብርዱ ሲገባ የሚነዝርሽ ትከሻሽ ዘንድሮስ ተወሽ? ላሚቱ ወለደች ወይስ አሁንም እያስጠበቀችሽ ነው? እኔ ደኅና ነኝ። ልጆቹም ደኅና ናቸው። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሷን አውልቃ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን መስላለች፤ አትቆጪኝ፣ እውነቴን ነው።

ደኅና ነኝ ያልኩሽ ለወጉ ነው። ደኅና አይደለሁም እማዬ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሦስተኛዬ ነው፤ ሁለቱን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጨምሬአቸዋለሁ። ተነስቼ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ ተቀምጬ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ደግሞ ተነስቼ የወለወልኩትን እወለውላለሁ። የካሳ አይሱዙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ እናንተ ይነሳል፤ ከዚያ በፊት መጨረስ አለብኝ።

ዛሬ ጠዋት ሻይ ሊጠጣ ገብቶ ጉዱን የነገረኝም እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ የአባባ ሕመም ጎሜ ነው፣ በቤቱ የተደበቀ ጥፋት አለ፣ ካልተነገረ ከአልጋው አይነሳም ብለዋል አለኝ። ጥፋቱንም በወንድሜ ሚስት በወለቴ ላይ ጥለውታል። ለመስቀል ያስቀመጥሽውን ቅቤ አባባ ሳይቀምሰው ቆርሳ ለልጇ ሰጥታለች አሉ። እስከ ቅዳሜ አምና ካልተናዘዘች ልጇን ትታ ካምባ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች ተብሏል። አዎ ብትላቸው እኮ ይቅር ብለው፣ እርጥብ ሣር ይዘው ያስታርቋት ነበር። እሷ ግን ያላደረግሁትን አላወራም ብላ ቁጭ ብላለች። ወንድሜ አበጋዝም አንዴ የሚስቱን፣ አንዴ የሽማግሌዎቹን ፊት እያየ መሐል ቤት ቆሟል አለኝ፤ ድሮም እንደዚያው ነው።

አንቺ ያጻፍሽልኝ ደብዳቤ ውስጥ የአባባ ምግብ መከልከል አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋሉ አለ። ስለ ወለቴ አንድ ቃል የለበትም። እንዴትስ ይኖርበታል? አንቺ ትናገሪያለሽ፣ የምትጽፈው እሷ ናት። ስለራሷ ምን ብላ ትጻፍ?

እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይኸው ጻፍኩት። አሁን አንድ ሰው ገብቶ ምሳ እየጠየቀኝ ነው፤ ሽሮ ሰጥቼው ልመለስ።

ተመለስኩ። ሽሮ ነው ስለው ፊቱን አጨማዶብኝ ነው የተቀመጠው፤ የበሬ ዘር ያጠፋሁት እኔ ይመስል። ከክረምት ወዲህ ስምንት ብር የነበረው ኪሎ ሥጋ አሥራ አራት ገብቷል፤ እሱም ሲገኝ ነው። ደግፌ ሥጋ ቤቱን በሳምንት ሁለት ቀን ቢከፍት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርሺ ባዶ መንጠቆ ተሰቅሎ፣ ደግፌ ቢላውን እየጠረገ፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች ወሰዱት ይልሻል። በሬው በመኪና እየተጫነ ወደ አዲስ አበባ ነው የሚያልፈው፤ ለግንባርም ይሄዳል ይላሉ፣ እኔ እንጃ። ጎረቤቴ ያለው ምግብ ቤት ጥብሱ ውስጥ ድንች መጨመር ጀመረ። ሌላው ጭራሽ ጥብስ የሚለውን ከበሩ ላይ ፋቀው።

እኔ ደግሞ የምታወቀው በዱለት ነው። ዱለት ከሌለኝ ማን ይመጣልኛል? ከጫሞ ሐይቅ በብስክሌት ዓሣ የሚያመላልስ አሸናፊ የሚባል ልጅ አለ። ነጩን ዓሣ የፒካፕ ነጋዴዎች ከጀልባው ላይ ይቀሙታል፤ አምባዛውን ግን የሚፈልገው የለም። አምባዛ ያ ራሱ ትልቅ፣ ጢማሙ፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው። በርካሽ ሰጠኝ። አድቅቄ ከተፍኩት፣ ለቀለም ትንሽ ጉበት ጣል አደረግሁበት፣ ቅቤና ሚጥሚጣ አልሰሰትኩበትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ጣቱን እየላሰ በላ፤ አንድም ሰው ይህ ምንድነው አላለኝም። በሙያዬ ኮርቼም ነበር፤ ያንን አልደብቅሽም።

ከዚያ አባባ መጣ። ከመስቀል በፊት ባለችው ማክሰኞ፣ የዐሥሩን ቤት የቅርጫ ገንዘብ መቀነቱ ውስጥ ቋጥሮ፣ በሬ ሊገዛ። ሁለት ቀን ከብት ተራ ውሎ ነበር። ባለመኪናዎቹ ሳይከራከሩ እያነሱ ሲጭኑ፣ እሱ የያዘው ገንዘብ ለወይፈን እንኳ አልበቃ አለው። እኔ ጋ ገብቶ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ምንም አልጠየቀኝም። አባባን ታውቂው የለ፣ ሲከፋው ጉልበቱን ያሻሻል፤ እንደዚያ ሲያሻሽ አየሁት። ዐሥር ቤት የሚጠብቀውን በሬ ሳይገዛ ለሚመለስ ሰው፣ ልጁ ቤትም ሥጋ የለም ይባል? አፌ እንቢ አለኝ። ዱለቱን አቀረብኩለት።

ከዓሣ ቦታ በሩቁ አፍንጫውን ሸፍኖ ለሚያልፈው ለአባባ አቀረብኩለት። ቅርፊት የሌለውማ በቤተ ክርስቲያን ሕግ የተከለከለ ነው ብሎ ልጅ ሳለን ያስተማረን እሱ ነው። ጠርጎ በላው። እጁንም፣ አንቺ ሁልጊዜ እንደምትቆጪው፣ በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ከዚያ ሳቀና «ሥጋ ጠፋ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ልጄ ቤት ግን ሞልቷል» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። እማዬ፣ አብሬው ሳቅሁ።

እናንተ ዘንድ ወጥቶም ይህንኑ በኩራት አወራው። የቅርጫ ሰዎቹስ ምን ይበሉ? ከተማው ሥጋ ሞልቶት ከሆነ በሬውን ለምን አልገዛኸውም አሉት። ገንዘቡን ለየቤቱ እንደነበረ መልሷል፤ ሌባ ያለውም የለም። ብቻ ዝም አሉት። ዐርባ ዓመት መስቀልን አብሯቸው የበላ ሰው፣ መስቀል ያለ በሬ አልፎ ዝም ሲሉት ምን ይሆናል? ተኛ። ከጤና ጣቢያ የመጣው ሰው ምንም ባያገኝበት አይደንቀኝም።

እኔ እዚህ ሆኜ ለራሴ ስሰብክ ከረምኩ። አምባዛ ሰው አይገድልም፣ እኔም ልጆቼም በልተነዋል አልኩ። ካገባሁ ወዲህ የምሄድበት ቸርች ጎሜ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ይህ የድሮ ሰው ፍርሃት ነው አልኩ። ስብከቱ እኔው ላይ አልሠራም። ሽማግሌዎቹ በወለቴ ተሳስተዋል እንጂ፣ በቤታችን ያልተነገረ ነገር አለ ማለታቸውስ ልክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ደብዳቤ መጨረሻ፣ ከስንብትሽ በታች፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች። «የአባባ ጋቢ ሦስቴ ታጥቦም የሐይቅ ሽታ አልለቀቀውም» ትላለች። አንቺ ሐይቅ አጠገብ ቆመሽ አታውቂም፤ ሽታውንም አታውቂው። ወለቴ ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረችው እዚሁ፣ አክስቷ ቤት ነው። ያቺን መስመር ማን እንዳጻፋት አልጠይቅም። ጋቢውን ማን እንዳጠበው ግን አውቃለሁ። መስመሯን ካነበብኳት ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ያላየኋት መስዬ አጣጥፌ ከሣጥኑ ሥር ከተትኳት።

እንግዲህ ወለቴ፣ ይህን ለእናቴ የምታነቢላት አንቺ ነሽና አሁን አንቺን ነው የማናግረው። ድምፅሽ ከተንቀጠቀጠ ቆም ብለሽ ውኃ ጠጪ። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ወረቀቱን ለማንም አትስጪ፤ አንቺው ቆመሽ አንብቢው፣ ከመጀመሪያው። አምባዛ የሚለውን እንዳትዘዪው። የቅርጫ ሰዎቹም ባሉበት ይሁን። ያን ማክሰኞ ሲቀላ ውስጥ ሥጋ አልነበረም፤ ደግፌን ሄደው ይጠይቁት። አባባ በሬ ያልገዛው ገንዘቡ ስላልበቃው ነው፤ ሥጋ ሞልቷል ያለው ደግሞ እኔ ስላታለልኩት ነው። ለእሱም በጆሮው ንገሪልኝ፤ የዋሸሁት ንቄው አይደለም፣ ባዶ እጁን ሳየው አላስችል ብሎኝ ነው። ቢረግመኝም ተነስቶ ተቀምጦ ይርገመኝ።

ራሴ መምጣት ነበረብኝ። ልጆቹን ማን ያይልኛል፣ ቤቱን ማን ይከፍትልኛል ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ውሸት ነው፣ ፈርቼ ነው። እግሬ እሺ ካለኝ ቅዳሜ በጠዋት ከመኪናው ስወርድ ታዩኛላችሁ። እንቢ ካለኝ ይህ ወረቀት ይቁምልኝ።

ካሳ ከውጭ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። እማዬ፣ ከዚህ በኋላ ምን እንደምትዪኝ አላውቅም። ትከሻሽን ጤና ያድርግልሽ፤ አባባን ከግድግዳው ወደ ሰው ፊቱን ይመልሰው፤ ላሚቱም በሰላም ትገላገል። ከቻልሽ መርቂኝ። አሁን ካልቻልሽ እጠብቃለሁ።

ያሳደግሽኝ ልጅሽ

ወለቴ፣ ጋቢውን በካሳ ላኪልኝ። ከእንግዲህ እኔ ነኝ የማጥበው።