የልጄን ዕድል በጌሾዬ ለመዘኑት አማካሪ

ለክቡር አቶ ምንይሉ፣
ልጄ በምትማርበት በሞጣው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቤተሰብዎስ? የመስከረም ጭቃ ከቢሮዎ ደጃፍ እንዳልደረሰ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ የስርጉት እናት ጌሾ ሻጯ ፀሐይነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በትሕትና ብቆም «ወንድ ዘመድ ይዘሽ ነይ» ብለው ስለመለሱኝ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ስርጉት ዐሥረኛን አልፋ የዐሥራ አንደኛ ክፍል መስክ ልትመርጥ ስትመጣ፣ ውጤቷን በማየት ዓይንዎን አላደከሙም። «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብለው ብቻ ጠየቋት። ሞቷል አለችዎ። «እናትሽስ?» ጌሾ ትሸጣለች አለችዎ። «በይ እንግዲያ ማኅበራዊ ሳይንስ ግቢ፤ ኋላም እዚሁ ቅርብ ኮሌጅ ትማሪያለሽ። አንቺ ሩቅ ከሄድሽ ለዚያች ብቸኛ ሴት ጌሾ ማን ይወቅጥላታል?» ስላዘኑልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጌሾዬን የምወቅጠው ግን በራሴ ክንድ ነው፤ የልጄን ጭንቅላት ለሙቀጫ አላዋስሁም።

አንደኛ፦ የምክር አሰጣጥዎን ዘዴ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የቄስ ልጅ ከመጣ ታሪክ፣ የገበሬ ልጅ ከመጣ እርሻ፣ የነጋዴ ልጅ ከመጣ ሒሳብ አያያዝ። የሙሐመድሸሪፍ ልጅ ኸይራት ሐኪም መሆን እያማራት «የባለ ሱቅ ልጅ ምን ሆና ነው ደም የምታየው» ብለው ሒሳብ አያያዝ አስመረጧት። ተመርቃ መጥታ አሁን በአባቷ ሱቅ ጨርቅ ትለካለች። «እትዬ፣ ስርጉት እዚያ ቢሮ እንዳትገባ አደራ» አለችኝ። ምን ያደርጋል፣ ልጄ ገብታ ወጥታለች።

ሁለተኛ፦ መስኳ ይቀየርላት ብዬ ብለምንዎ የአጎቷን ፊርማ አዘዙኝ። አጎቷ ቢቸና ነው የሚኖረው፤ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች እንኳ አያውቅም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ያረጀ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጡረታ ሳይወጣ እርስዎ ቢሮ ተቀጥሯል።

ሦስተኛ፦ ልጄ ከእርስዎ ዘንድ የወጣች ዕለት እህል አልቀመሰችም።

ስርጉት የምትመኘው የውኃ ምህንድስና ነው። ማኅበራዊ ሳይንስ ከገባች ያ በር ይዘጋባታል፤ ምዝገባው የሚያበቃው ደግሞ የፊታችን ዓርብ ነው። ስለዚህ ያለ ፈቃድዎ ከሰኞ ጀምሮ በተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ተቀምጣለች። የፊዚክስ መምህሩ አላስወጧትም፤ እንዲያውም ጥያቄ ጠይቀዋት መልሳለች። የላክኋት እኔ ነኝ። ስሟ እስኪመዘገብ ከወንበሯ አትነሣም። ዘበኛ ቢልኩባት ከክፍሉ በር ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ዓርብ ጠዋትም የልጆቻቸውን ውጤት የያዙ እናቶች አስከትዬ ቢሮዎ እመጣለሁ። ወንድ ዘመድ አንይዝም።

ለተቀመጡበት ወንበር ካለኝ ከፍ ያለ አክብሮት ጋር፣ ለሰጡት ምክር ግን ፈጽሞ የማልታዘዝ፣

ፀሐይነሽ አካለ ወልድ
ከሞጣ

ማስታወሻ፦ የእርስዎ ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ የመድኃኒት ቅመማ እንደምትማር ሰምተን እጅግ ደስ ብሎናል። እርሷን የመከራት ሰው ማን እንደሆነ ቢጠቁሙን፣ ልጆቻችንን ወደ እርሱ እንልካለን።