የገና ዋዜማ የዕረፍት ሥልጠና እና የመምህርት ሸዋወርቅ ዝውውር

ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዳማ

ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በገና ዋዜማ በዕረፍት ስም ዕረፍታቸውን ስለተነጠቁ መምህራን እና መምህርት ሸዋወርቅ ማስረሻ ያለ ጥፋቷ እንድትዛወር ስለቀረበው ጥያቄ

ክቡር ኃላፊ፣

ተጠያቂው አቶ ቢኒያም ጋዲሳ ናቸው፤ የቡርቃ ነጋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። ስማቸውን ከፊት ያስቀመጥኩት ጽሑፌ ረዝሞ እስከ መጨረሻው ባይነበብ እንኳ እሱ እንዲነበብ ነው።

እኔ ወ/ሮ ቡዜ መርዳሳ በዚሁ ትምህርት ቤት የልጅ ልጄን የማስተምርና የወላጅ መምህር ኮሚቴ አባል ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ የእጅ ጽሑፌ አያምርም። ከጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ጉዳዬን ሰምቶ "ማዘር፣ ትንሽ ላለስልሰውና ልጻፍልሽ" ብሎኝ ነበር። እንዳይለሰልስብኝ ብዬ ራሴ ጻፍኩት።

1. ከትምህርት ቤታችን መምህራን ብዙዎቹ አገራቸው ሩቅ ነው። በኪራይ ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። በዓል ሲመጣ እኛ እናቶች እንከፋፈላቸዋለን። ወደ ቤተሰቡ መሄድ የሚችለው ዋዜማውን በጊዜ ይሸኛል፣ የማይችለው ከአንዳችን ቤት ይውላል። በገናም፣ በፋሲካም፣ በዒድም እንዲሁ ነው። ማን እንደሚጾም፣ ማን የማንን ሥጋ እንደሚበላ፣ ማን ሐዘን ላይ እንዳለ እናውቃለን። ይህን እንድናደርግ ያዘዘን የለም፣ ተሰብስበንበትም አናውቅም።

2. ዘንድሮ አቶ ቢኒያም "ይህ የሰፈር አሠራር ነው፣ መዘመን አለበት" አሉ። ማክሰኞ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ ማለትም በገና ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ "የመምህራን ራስን የመንከባከብ ሥልጠና እና የጋራ ማዕድ" ብለው ሁሉንም ጠሩ። መቅረት እንደማይቻል ተነገረ። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ወ/ሮ ሎሚ "ጌታዬ፣ ሰው ወደ ቤተሰቡ የሚገባው እኮ በዚያ ቀን ነው" ብላ ለመነቻቸው። ሥልጠናውን ለሚሰጡት እንግዶች ከዚያ ሌላ ቀን አይመቻቸውም ብለው መለሱላት።

እኔም ኮሚቴውን ወክዬ ስለተገኘሁ የምጽፈው ያየሁትን ነው። እንግዶቹ አርፍደው መጡ። እስኪመጡ ድረስ መምህራኑ ቦርሳቸውን ታቅፈው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያ አንድ አሠልጣኝ ተነሥቶ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በረጅሙ ተንፍሱ፣ በዓሉን ከምትወዱት ሰው ጋር አሳልፉ፣ ሰውነታችሁ ሲደክም አድምጡት እያለ አስተማራቸው። መምህር አብዱልሃኪም ዓይኑን እንደጨፈነ እጁን አወጣና "የምወዳት ሻሸመኔ ናት፤ ዓይኔን ሳልገልጥ ልሂድ?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አቶ ቢኒያም ግን አልሳቁም።

ማዕዱ ሲገለጥ ክትፎና ጥብስ ነበር። ክቡር ኃላፊ፣ በገና ዋዜማ ክትፎ! ጾመኛው አይበላም። በክርስቲያን እጅ የታረደ ስለሆነ ሙስሊሙም አይነካውም። ፕሮቴስታንት የሆኑት ጥቂት መምህራን ጓደኞቻቸው እያዩ ብቻቸውን መጉረስ አፍረው ሰሃን ይዘው ቆሙ። እንግዶቹ ራሳቸው ውኃ ጠጥተው ሄዱ። ይህ ሁሉ ምንድን ነው ብዬ አቶ ቢኒያምን ብጠይቃቸው መምህራኑን ከነሰሃናቸው ለካሜራ እያሰለፉ "አዴ ቡዜ፣ ፎቶ ላይ ጾም አይታይም" አሉኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተናድጄ ቤቴ እቀመጥ ነበር። የመጣሁበት ጉዳይ ቀጥሎ ያለው ነው።

3. መምህርት ሸዋወርቅ ማስረሻ የመቂ ልጅ ናት። አባቷ በኅዳር ወር አረፉ፤ የዘንድሮው ገና ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው በዓል ነበር። ሐዘን የገባበት ቤት የመጀመሪያው በዓል እንዴት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። በግ አይታረድም፣ ሰው ግን አይታጣም። ዘመድ ዋዜማውን ገብቶ ከሐዘንተኛዋ ጋር ያድራል። የሸዋወርቅ እናት ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ይህን ተናግራ ፈቃድ ስትጠይቅ አቶ ቢኒያም "ሥልጠናው እኮ ይበልጥ የሚጠቅመው አንቺን ነው፣ ሐዘንሽን ይቀንስልሻል" አሏት።

እስከ ሥልጠናው መጨረሻ ተቀመጠች። ለፎቶው ተሰለፉ ሲባል ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። መሽቶ ስለነበር ቀጥታ የሚሄድ መኪና አላገኘችም። ሞጆ ድረስ ሄዳ፣ ከዚያ ሽንኩርት ሊጭን በሚሄድ አይሱዙ ጋቢና ገብታ ነው መቂ የደረሰችው። እናቷን በሩን ከፍተው ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጎረቤቶቹ ልጅየዋ ትመጣለች ብለው ወደየቤታቸው ገብተው ነበር።

ከበዓል ስትመለስ ማስጠንቀቂያ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ጠበቃት። ጥፋቷ "የራሷን ጤና የመንከባከብ ኃላፊነቷን ወደ ጎን በመተው ሥልጠና አቋርጣ መውጣት" ይላል። ቆሜ አነበብኩት። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት። በዚህም አላበቃም፤ ከጥምቀት በኋላ ከከተማው ውጪ ወዳለ ትምህርት ቤት እንድትዛወር አቶ ቢኒያም ለጽሕፈት ቤትዎ ጥያቄ አቅርበዋል።

4. ይህች ልጅ ማን እንደሆነች ይወቁልኝ። ከሥራ ሰዓቷ ውጪ፣ ማንም ሳያዝዛት፣ እኛን እናቶችን ፊደል የምታስተምር ናት። ፈረቃ ጨርሰው ከኢንዱስትሪ ፓርክ የሚመጡ እናቶች ዴስክ ላይ እንቅልፍ ሲጥላቸው ተቆጥታ አታውቅም። ነቅተው እስኪነሡ ሌሎቻችንን ድምፅ ቀንሳ ታስተምረናለች። እኔ የመጀመሪያ ቀን በሕፃናት ወንበር ላይ መቀመጥ አፍሬ በር ላይ ብቆም መጥታ ከዚያው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠችና "እትዬ፣ ይኸው እኔንም ጠቦኛል፣ ይግቡ" አለችኝ። ስለ መንከባከብ አንድም ቀን ሥልጠና አልሰጠችንም። እሷ ከሄደች ይህ ትምህርት ይዘጋል፤ የሚተካት የለም። እኚያ አሮጊት እናቷም ከመቂ ተነሥተው ልጃቸውን የሚፈልጉበት አገር ሌላ ሊሆን ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው፦

የዝውውሩ ጥያቄ ከጥምቀት በፊት ውድቅ እንዲደረግ፤ ማስጠንቀቂያውም እንዲነሣና መነሣቱ በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ እንዲገለጽ፤

በየትኛውም ሃይማኖት በዓል ዋዜማ መምህራን ለስብሰባም ለሥልጠናም እንዳይጠሩ፤

መምህራኑን ራሳቸውን፣ አቶ ቢኒያም በሌሉበት፣ ጠርተው እንዲሰሟቸው።

የዚህን አቤቱታ ግልባጭ ለራሳቸው ለአቶ ቢኒያም በእጃቸው ሰጥቻለሁ። ሰው በጀርባው መክሰስ አላውቅም።

በመጨረሻ፣ የዝውውሩ ወሬ ከተሰማ ወዲህ እናቶቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ካልተቀመጥን እያሉ ነው። ከፈረቃ መልስ የፋብሪካ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ቤቴ እየመጡ "አዴ፣ እስከ መቼ ነው?" ይሉኛል። እስካሁን "ታገሡ፣ ኃላፊው ሰው ናቸው፣ ይሰሙናል" እያልኩ የያዝኳቸው እኔ ነኝ። ጥምቀት እስኪያልፍ ልያዛቸው። ከዚያ በኋላ ግን ለአንዷም ታገሢ አልልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ቡዜ መርዳሳ
(በራሴ እጅ የተፈረመ)