የአባባ ኮቴ

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህን መጠየቅ ወግ ስለሆነ ጠየቅኩ እንጂ ደህና መሆንህንስ አውቃለሁ። ማታ ማታ ከሚስትህ ጋር በወንዙ ዳር ትንሸራሸራለህ አሉ። እኔ ደህና ነኝ፤ የላውንደሪው እንፋሎት ሳንባዬን ካልጨረሰው በቀር ምንም አልሆንኩም። አባባን ስላልጠየቅከኝ ስለ እሱ እዚህ ጋ አልጽፍም። ወደ ታች እጽፋለሁ፣ እስከዚያ ትዕግሥቱ ካለህ።

የላክከው ወረቀት ደርሶኛል። ለምታዘጋጀው መዝገበ ቃላት፣ በእግር መሄድ ማለት ለሆነው ለዚያ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ያሉትን ፍቺዎችና ተመሳሳዮች የቻልሽውን ያህል ጻፊልኝ፣ አንቺ የሰፈሩን አማርኛ ታውቂዋለሽ፣ ብቻ አጠር አድርጊው ትላለህ። ዓይንህን በጨው አጥበህ። አባትህ በእግሩ ይቁም አይቁም ሳትጠይቅ፣ እኔ የእግር ቃል ልልቀምልህ? ወረቀቱን ይዤ ክፍሉ ውስጥ ስንጎራደድ ቆየሁ፤ ቀድጄ ልጥለው ነበር፣ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ። ቃል ፈለግክ አይደል፣ እንካ።

መጀመሪያ ግን ይህን ሙያ ከየት እንዳመጣኸው ላስታውስህ። አባባ ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ ውሎ ደረጃውን ሲወጣ፣ እኛ በሩን ዘግተን ኮቴውን እናዳምጥ ነበር። አንተ ገና ፊደል ሳትቆጥር ከእኔ ይበልጥ ትለየው ነበር። "እያዘገመ ነው፣ አለቃው ተቆጥቶታል" ትላለህ። "ዱብ ዱብ ይላል፣ ደስ ብሎታል።" "እግሩን ይጎትታል፣ ጫማው ነክሶታል፣ እትዬ ውሃ አሙቂ።" አንድም ቀን አልተሳሳትክም። የጎረቤታችንን ኮቴ ከአባባ ኮቴ አምታትቼ ወደ በሩ የምሮጠው እኔ ነበርኩ፤ አንተ ከተቀመጥክበት ሳትነሳ ትስቅብኝ ነበር። እውነተኛው ሲመጣ ግን በሩን የምትከፍተው አንተ ነበርክ።

እግሩ ላይ ያለው ቁስል ማመርቀዝ ከጀመረ ወዲህ ቤታችንን አልረገጥክም። ስደውልልህ "እንደዚያ ሆኖ ላየው አልችልም፣ አንጀቴ አይችልም" አልከኝ። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ። የእኔ አንጀት ከብረት የተሠራ መሰለህ? ከላውንደሪ ሐኪም ቤት የምኳትነው እኔ፣ ፋሻውን የምቀይረው እኔ፣ "ያ ልጅ ዛሬም ሥራ በዝቶበት ነው?" ሲለኝ "አዎ አባባ" ብዬ የምዋሽልህም እኔ።

ሐኪሙ እግሩ ከጉልበቱ በታች መቆረጥ አለበት ሲለው አባባ አልተከራከረም። ሐኪም ቤት ከመተኛቴ በፊት አንድ ቀን ስጡኝ ብቻ አለ። በማግሥቱ ተላጭቶ የሥራ ኮቱን ለበሰ። ወዴት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ "ልጄ ጋ። በሁለት እግሬ ሄጄ ልየው፣ እሱም ይየኝ" አለኝ። አብሬህ ልሂድ ብል ተቆጣ። እሺ አልኩትና መንገዱን ተሻግሬ በዚያኛው ጠርዝ ተከተልኩት።

እንግዲህ ጻፍ። ከአውቶቡስ ወርዶ እስከ ፋርማሲው ድረስ አነከሰ። ከፋርማሲው እስከ መስቀለኛው መንገድ አዘገመ፤ ጋሪ የሚገፋ ሰው "ሽማግሌው፣ ወይ ሂድ ወይ ዞር በል" ብሎታል። የእግረኛ መንገዱ በተቆፈረበት ቦታ ተንገዳገደና የሰው አጥር ይዞ ቆመ፤ ሮጬ ልይዘው ስል ቀና አለ። እዚያ ጋ ተመልሶ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። ሕንፃችሁ በር ላይ ሲደርስ ከዘራውን ለዘበኛው አስያዘው። ኮቱን ቆለፈና በዘበኛው ፊት ተጎማለለ፤ አዎ፣ በዚያ እግሩ ተጎማለለ። ይህንንም ከቃሎችህ መሀል አስገባው።

እኔ ከኋላው ገብቼ ከደረጃው ሥር ቀረሁ። ከላይ ሬዲዮህ ይሰማል፤ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ። አባባ መደገፊያውን ይዞ አንዱን እግሩን ያስቀድምና ያኛውን ይጎትታል፣ ያስቀድማል፣ ይጎትታል። አንተ ያለህበት ፎቅ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሬዲዮው ጠፋ።

እስኪ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው በለኝ። የፈለግከውን ሰው መሸንገል ትችላለህ፣ እኔን ግን አትችልም። እሱ መሆኑን ሰማህ፣ ምን ያህል እንደባሰበትም ሰማህ፣ ሰምተህ ነው ያጠፋኸው። አንኳኳ። ቆይቶ ደግሞ አንኳኳ። ውስጥ ወንበር እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ከታች እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆሜያለሁ። ወጥቼ በርህን በእርግጫ ማለት አቅቶኝ አይደለም፤ ውርደቱን ሰው እንዳየበት እንዲያውቅ ስላልፈለግኩ ነው። እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ የጠላሁት ደግሞ አንተን ነው።

ቀድሜው ሹልክ ብዬ ወጣሁና ፌርማታው ላይ እንደ ድንገት ተገናኘን። "የለም" አለኝ። "ሬዲዮውን ሳያጠፋ ነው የወጣው፣ ቆጣሪው ይቆጥርበታል እኮ።" ዕድሜውን ሙሉ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው "የሉም" ሲያስብሉት የኖረ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሬዲዮው ሲጠፋ እኔም እንደሰማሁ ሳላሳውቀው ሳቅኩለት።

እግሩ ተቆርጧል። ዝም ያልኩህ እንዳልነግርህ አስምሎኝ ስለነበር ነው፤ ዛሬ መሐላዬን ያፈረስኩት በአንተ ወረቀት ምክንያት ነው። ቁስሉ ድኖለታል፣ እህልም ይበላል።

በቀደም ሰው ሠራሽ እግር ወደሚሠራው ሰውዬ ወሰድኩት። ልኩን ሲወስድለት፣ ይከብዳል ወይ፣ ያማል ወይ ብሎ ይጠይቃል ብዬ ነበር። አባባ ግን የጠየቀው ደረጃ ላይ ድምፅ ያሰማ እንደሆነ ነው። ሰውዬው ሥራው የተነቀፈበት መስሎት፣ ከሥሩ ጎማ አለው፣ ምንም አይሰማም አለው። "ኮቴ ለይቶ የሚያውቅ ሰውስ?" አለ አባባ። እሱም አይሰማውም አለው። "እንዲያ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቶሎ አድርስልኝ" አለውና ኮቱን አስተካክሎ ተቀመጠ።

እግዜር ሥራህን ያስፈጽምህ። አባባ ስጽፍ አይቶኝ "ዕድሜ ይስጠው በይልኝ" ብሎሃል። አሜን ማለቱን ለአንተ ትቼዋለሁ።

እህትህ